ግሡን የሚመርጠው ስሙ ነው፦ ለእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍና ለፈተና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ፣ የዓመታዊ ዕቅድና የሞዴል ፈተና ዝግጅት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ከዓመታዊ ዕቅዱ ስለወጣው የግሥና የረቂቅ ስም ጥምረት ትምህርት፣ እንዲሁም ስለ ሞዴል ፈተናው የመልስ ቁልፍ

ክቡራንና ክቡራት፣

ለዘንድሮው የትምህርት ዘመን የላካችሁልን ዓመታዊ ዕቅድ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየምዕራፉ መጨረሻ የነበረውን፣ ግሥን ከረቂቅ ስም ጋር የማጣመር ትምህርት አስወጥቶታል። በቦታው የገባው ተማሪው በሳምንት 20 ነጠላ ቃል ከነአማርኛ ፍቺው በቃሉ እንዲይዝ የሚያዝ ዝርዝር ነው። አባሪው ማብራሪያ ምክንያቱን ባጭሩ አስቀምጦታል፤ ክፍለ ጊዜ ጠቧል፣ ጥምረት ደግሞ ተማሪው «በንባብ ብዛት በራሱ የሚያገኘው» ነው ይላል። አንድ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት ተማሪ በሚደርስበት ክፍል ይህ የንባብ ብዛት ከየት እንደሚገኝ ግን አልተነገረንም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ተማሪው ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በዚሁ ቋንቋ ይጽፋል። ስለዚህ የተበላሸ ጥምረት የእኛ ክፍለ ጊዜ ጣጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይወጣል፣ ሥራ ሲፈልግ የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ይወጣል። ቅሬታችንን ከነማስረጃው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ዝርዝሩን እንይ። «ዲሲዥን፦ ውሳኔ» ይላል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ተማሪውም በሁለት ደቂቃ ይይዘዋል። ዐረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል ግን ግሥ ያስፈልገዋል። ዝርዝሩ ግሥ ስላልሰጠው ካለው ጓዳ ያወጣል፤ ያለው ጓዳ አማርኛ ነው። በአማርኛ ውሳኔ ይሰጣል፣ ይተላለፋል። ስለዚህ «ጊቭ ዲሲዥን» ወይም «ፓስ ዲሲዥን» ይጽፋል። እንግሊዝኛው «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ነው፤ ከብዙ ውይይት በኋላ የተደረሰበት ውሳኔ ከሆነ ደግሞ «ሪች ኤ ዲሲዥን»። «ፓስ» ቦታ የለውም ማለታችን አይደለም። ምክር ቤት ሕግ ሲያጸድቅ «ፓስ ኤ ሎው»፣ ዳኛ ቅጣት ሲወስን «ፓስ ሴንተንስ» ይባላል። ተማሪው ግሡን ከሰማይ አላመጣውም፤ ከጎረቤት ስም ነው የተበደረው። የሚያርመው ሰው ካላገኘ ብድሩ እንደ ሀብት አብሮት ይኖራል።

የችግሩ ሥር «ሰጠ» በሚለው ግሥ ላይ ጎልቶ ይታያል። እኛ ምክር እንሰጣለን፣ ትኩረት እንሰጣለን፣ አስተያየት እንሰጣለን፣ ድምፅ እንሰጣለን፣ አገልግሎት እንሰጣለን፣ ውሳኔ እንሰጣለን። ስድስቱንም አንድ ግሥ ይሸከማቸዋል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ግን ይበተናሉ። ምክር «ጊቭ» ላይ ይቀራል፦ «ጊቭ አድቫይስ»። ትኩረት ይከፈላል፦ «ፔይ አቴንሽን»። አስተያየት ይሠራል፦ «ሜክ ኤ ኮሜንት»። የምርጫ ድምፅ ይወረወራል፦ «ካስት ኤ ቮት»። አገልግሎት ይቀርባል፦ «ፕሮቫይድ ኤ ሰርቪስ»። ውሳኔውን አይተነዋል። በድምፁ ላይ ሌላ ወጥመድም አለ። «ድምፅ» በአማርኛ የጉሮሮውም የኮሮጆውም ስለሆነ ተማሪው «ጊቭ ቮይስ» ብሎ ይጽፋል። ያ ሐረግ እንግሊዝኛ ውስጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን የውስጥን ስሜት በቃል መግለጽ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት አራሚ እንኳ ቶሎ አያየውም፤ ዐረፍተ ነገሩ ደህና እንግሊዝኛ መስሎ ያልፋል።

ተማሪው በአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ሰጠ»ን ቢፈልግ የሚያገኘው «ጊቭ» ነው። ፍለጋውን ከግሡ በመጀመሩ ተሳስቷል። መፈለግ ያለበት ስሙን ነው፤ ምክንያቱም ግሡን የሚመርጠው ስሙ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ተማሪው 9ኛ ክፍል ቢይዛት ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር። ዕቅዳችሁ ያወጣው ትምህርትም ይኸው ነበር።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ፎቶ «እናነሣለን»፣ ቃል «እንገባለን»፣ ዕቁብ «እንጥላለን»፣ ተስፋ «እንቆርጣለን»፣ ሰላም «እናወርዳለን»። ቃል የሚገባበት በር የት ነው ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላየንም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ግን «ቃል አደረግሁልህ» ቢል ሁላችንም ፈገግ እንላለን። ተማሪዎቻችን «አይ ኢንተርድ ኤ ፕሮሚስ» ሲጽፉ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ላይ የሚያርፈው በዚያው መጠን ነው። ትክክለኛው «ሜክ ኤ ፕሮሚስ» ነው፤ ቃልን መጠበቅ «ኪፕ»፣ ማጠፍ «ብሬክ»። «አይ ከት ማይ ሆፕ» በየፈተና ወረቀቱ እናገኛለን፤ «ሉዝ ሆፕ» ወይም «ጊቭ አፕ ሆፕ» መሆን ነበረበት። «አይ ሶው ኤ ድሪም»ም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛው ሕልምን አያይም፣ «ሃቭ ኤ ድሪም» ነው የሚለው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዝርዝሩ ፈጽሞ ሊነካቸው የማይችላቸውን ስህተቶች ይመለከታል። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል። በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋንን ይይዛል፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። ግሡ ያው መያዝ ነው፤ ያዥና ተያዡ ቦታ ተለዋውጠዋል። ጥርጣሬ እኛ ውስጥ ይገባል፤ እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «አይ ሃቭ ዳውትስ» ይላል። አደጋ በሰው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ «ሂ ሃድ አን አክሲደንት»። እንቅልፍ ይወስደናል፤ እዚያ «አይ ፌል አስሊፕ»፣ በእንቅልፍ የሚወድቀው ሰውየው ነው። ጠቅለል ባለ አነጋገር፣ አማርኛ ሕመሙንና ስሜቱን ባለቤት፣ ሰውን ተሳቢ በሚያደርግበት ቦታ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ባለቤት ያደርግና «ሃቭ»ን ያስከትላል። ይህን በሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ጽፎ ለማሳየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ኮልድ፦ ጉንፋን» የሚለውን መቶ ጊዜ መደጋገም ግን አያሳየውም።

«ስብሰባው ትናንት ተካሄደ» የሚለውን ሲተረጉሙ ከክፍሉ የሚበዛው «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ቴክን ፕሌስ የስተርደይ» ይላል። መምህሩ ይቆጣል። ልጁ ግን ያስተማርነውን ደንብ አክብሮ ነው የተሳሳተው። በተገብሮ ግሥ ምዕራፍ ላይ «ተ» የሚል ቅድመ ቅጥያ ስታይ «ዋዝ» አስገባ ብለነዋል፤ «ተካሄደ» ደግሞ ከነ«ተ»ው ነው የመጣው። «ቴክ ፕሌስ» ተገብሮ እንደማይሆን፣ «ሆልድ» ግን እንደሚሆን፣ ስለዚህ «ቱክ ፕሌስ» ወይም «ዋዝ ሄልድ» እንደሚባል የነገረው የለም። ይህ የሰዋስው ምዕራፍም የቃላት ምዕራፍም የማያነሣው ጉዳይ ነው፤ ቦታው ያወጣችሁት ክፍል ነበር።

«ሜክ»ና «ዱ»ን በሚመለከት አዲሱ የመምህሩ መምሪያ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቷል፦ «ሜክ» አዲስ ነገር ለመፍጠር፣ «ዱ» ሥራን ለማከናወን። ለኬክና ለወንበር ትሠራለች። ለረቂቅ ስም ግን መንገድ ላይ ትጥላለች። ጉዳት አዲስ ነገር አይደለምን? እንግሊዝኛው «ዱ ዳሜጅ» ነው። ጥረትስ ሥራ አይደለም? «ሜክ አን ኤፈርት» ነው። ከልምድ የምናውቀው የተሻለ አከፋፈል አለ። ከአፍ የሚወጡትና ከአሳብ የሚመጡት በብዛት ከ«ሜክ» ጋር ይሄዳሉ፦ ቃል ኪዳን፣ አስተያየት፣ ቅሬታ፣ ጥያቄ ሲባል ልመናው፣ ምርጫ፣ ዕቅድ፣ ውሳኔ። ወደፊት የመግፋት ስሞችም አብረው ይሰለፋሉ፦ ጥረት፣ ሙከራ፣ መሻሻል፣ አስተዋጽኦ። የሥራ ስሞች ከ«ዱ» ጋር ናቸው፦ የቤት ሥራ፣ ምርምር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የቤት ውስጥ ሥራ። ለሰው የሚደረግ በጎና ክፉም እዚያው ነው፦ ውለታ፣ ጉዳት፣ በደል። ውጤትና ተጽዕኖ «ሃቭ»ን ይፈልጋሉ፣ ከኋላቸውም «ኦን»ን ያስከትላሉ። ኃላፊነት፣ እርምጃ፣ ተሳትፎ፣ ጥንቃቄ «ቴክ»ን። «ፔይ» የሚወስዳቸው ጥቂት ናቸው፤ ትኩረት፣ ጉብኝት፣ አክብሮት፣ አድናቆት ከተያዙ አብዛኛው ተሸፍኗል። ከዚህ የሚያፈነግጥ አይጠፋም፤ ቢሆንም ከመምሪያው ዐረፍተ ነገር እጅግ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። ከዕቅዱ ጋር የላካችሁት የእንግሊዝኛ አባሪ በሦስተኛው ገጽ መምህራን «ሜክ ኤ ሪሰርች» እንዲሉ፣ ማለትም በክፍላቸው ጥናት እንዲያደርጉ ያዛል። ሪሰርች «ዱ» ወይም «ካሪ አውት» ነው የሚፈልገው፤ «ኤ» የሚለውን መስተአምርም አይቀበልም፣ አይቆጠርምና። በሦስት ቃል መሐል ሁለት ስህተት። ይህን የጠቀስነው ለማሳፈር አይደለም። ዕቅዱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ብዙ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ጥምረት በንባብ ብዛት ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተገኘ ነበር።

ይህ አዲስ ግኝትም አይደለም። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር ቶኪዮ ተቀምጦ የእንግሊዝኛ የቃላት ጥምረቶችን ሰብስቦ ሪፖርት ያወጣው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝኛ በመንገድ ላይ በማይሰማበት አገር የሚማር ሰው ጥምረትን እንደ አንድ ቃል አድርጎ መማር እንዳለበት ያን ጊዜ ገብቶታል። የእኛም ተማሪ ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ከአማርኛው ጋር መሳ ለመሳ የሚሄዱ ጥምረቶች የሚያመጡት መዘናጋት ነው። እርምጃ መውሰድ «ቴክ አክሽን» ነው፤ ስምምነት ላይ መድረስ «ሪች አን አግሪመንት»፤ ሚና መጫወት «ፕሌይ ኤ ሮል»። ጥቂቶቹ ከውጭ ቋንቋ ተተርጉመው የገቡን ይመስላሉ፣ ለዚህም ነው የሚገጥሙት። ተማሪው ሦስቱ ሲገጥሙለት አራተኛውም የሚገጥም ይመስለዋል። መስዋዕትነትን እንውሰድ። እኛ እንከፍለዋለን፤ ስለዚህ «ፔይ ሳክሪፋይስ» እየተባለ በአገራችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከመለመዱ የተነሣ ስህተት መሆኑን የሚጠራጠር ጠፍቷል። እንግሊዝኛው «ሜክ ኤ ሳክሪፋይስ» ነው፤ የሚከፈለው ዋጋው ነው፦ «ፔይ ዘ ፕራይስ»። «ኃላፊነቱን ወሰደ»ም እንዲሁ። አንድ ባለሥልጣን ለጥፋቱ ኃላፊነት ሲወስድ «ቱክ ሪስፖንሲቢሊቲ» ነው። አንድ ቡድን ጥቃት ፈጽሜአለሁ ብሎ ሲያውጅ ግን የዜናው እንግሊዝኛ «ክሌምድ ሪስፖንሲቢሊቲ» ይላል። አንዱ ጥፋተኛነትን መቀበል ነው፣ ሌላው የድርጊት ባለቤትነትን ማወጅ። ነገ ዜና የሚተረጉመው ዛሬ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነው።

መስተአምሩም አብሮ መጠናት አለበት። «ቴክ ዘ ቻንስ» በተገኘው አጋጣሚ መጠቀም ነው፤ «ቴክ ኤ ቻንስ» ደፍሮ አደጋ ውስጥ መግባት። ልዩነቱ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ነጠላ ቃል የሚያጠና ተማሪ «ቻንስ፦ ዕድል» ብሎ ሁለቱንም ያጣል።

አራተኛውና አብዝቶ ያሳዘነን የሞዴል ፈተናው ነው። ትምህርቱን አውጥታችሁ ጥያቄውን አስቀርታችኋል፤ ባላስተማርነው መፈተን ማለት ነው። እሱ ይሁን ብንል እንኳ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል። አንደኛው ጥያቄ ኮሚቴው ውሳኔ ወሰነ ለማለት ከ«ሜክ»፣ «ቴክ»፣ «ዱ» እና «ጊቭ» አንዱን ምረጥ ይላል። ቁልፉ «ሜክ»ን ብቻ ይቀበላል። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ቴክ ኤ ዲሲዥን» የተለመደ ነው፣ በተለይ ለመሥሪያ ቤትና ለኮሚቴ ውሳኔ። በሌላኛው ጥያቄ ጎርፍ በሰብል ላይ ጉዳት አደረሰ ለማለት «ኮዝድ» ትክክል፣ «ዲድ» ስህተት ተብሏል። ጎርፉ «ዲድ ግሬት ዳሜጅ» ቢባልም «ኮዝድ ግሬት ዳሜጅ» ቢባልም እንከን የለውም። ገላ መታጠብን በሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ «ሃቭ ኤ ሻወር» እና «ቴክ ኤ ሻወር» ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ገብተዋል፤ አንዱ በእንግሊዝ፣ ሌላው በአሜሪካ ይዘወተራል እንጂ ስህተት የለባቸውም። በእነዚህ ጥያቄዎች ነጥብ ያጡት ደህና ያነበቡት ተማሪዎች ናቸው። ያላነበበው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ስለሆነ አይሳሳትም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ጥያቄ አውጪው መልሱን ያስብና ሦስት ሌሎች ቀላል ግሦችን አሳሳች አድርጎ ይደረድራል። ቀላል ግሦች ግን ብዙ ቦታ ይገጥማሉ፤ ቀላል የተባሉትም ለዚህ ነው። መፍትሔው ጥያቄውን መገልበጥ ነው። አንድ ግሥ ስጡና የማይሄድለትን ስም አስመርጡ፦ «ሜክ» ከጥረት፣ ከመሻሻል፣ ከቃል ኪዳንና ከቤት ሥራ ከየትኛው ጋር አይሄድም? መልሱ የቤት ሥራ ነው፤ የሚከራከር የለም። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ተማሪው ራሱ ግሡን እንዲጽፍ ማድረግ ነው፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ተሰጥታው። «ፒ» ብላችሁ «አቴንሽን» ካስከተላችሁ አንድ መልስ ብቻ አለ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አምስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማለት 300 ባዶ ቦታ ማረም ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ጊዜ የለም ለሚለው መልስ አለን። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አንጠይቅም፤ የአንዱ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃናል፣ ለስድስት ስም። ስሙ ሰሌዳው መሐል ይጻፋል። መጀመሪያ ተማሪዎች በአማርኛ ከየትኛው ግሥ ጋር እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ ይህ የሚሳሳቱበትን ቦታ አስቀድሞ ይገልጥልናል። ከዚያ የእንግሊዝኛው ግሥ በግራ፣ መስተዋድዱ በቀኝ ይጻፋል፣ መስተአምሩም ከሥሩ ይሰመርበታል፤ ደብተሩም በዚያው አራት ዓምድ ይሰመራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፣ በኃላፊ ጊዜ። በኃላፊ ጊዜ የምንለው «ሜክ»፣ «ዱ»፣ «ቴክ»፣ «ሃቭ»፣ «ጊቭ» እና «ፔይ» ሁሉም ከደንብ ውጭ የሚለወጡ ስለሆኑ ነው። የአሁኑን ጊዜ ብቻ ያጠና ልጅ «ሜክድ» እና «ቴክድ» ብሎ ይመጣል፤ «ፔይድ» ደግሞ በአነጋገር ሳይሆን በአጻጻፍ ትይዘዋለች። ከሳምንት በኋላ የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ብቻ ተሰጥቶ እንግሊዝኛው ይጠየቃል፣ ከወር በኋላ እንደገና። ሁለተኛው ጥያቄ ከተዘለለ ሥራው ውኃ ወሰደው። የተሳሳተውን ጥምረት ሰሌዳ ላይ መጻፍን አንመክርም። በ«ኤክስ» ቢሰረዝም ዓይን የያዘውን ይዞ ይሄዳል፤ በቃል ተናግሮ ማለፍ ይበቃል።

በዓመት 30 የማስተማሪያ ሳምንት ቢታሰብ 180 ስም ከነግሡ ይያዛል፣ በአራት ዓመት 720። የእናንተ ዝርዝር በዓመት 600 ነጠላ ቃል ይሰጣል፣ ግሥ የሌለው። 180ውን እንመርጣለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የጥምረት ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ባይመለስ እንኳ በሳምንት 10 ደቂቃ በዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ይመደብለት፤ በመምህሩ ፈቃድ ብቻ ከተተወ ኢንስፔክሽን ሲመጣ «ከዕቅድ ውጭ አስተማርክ» የሚባለው መምህሩ ነው። የቃላት ዝርዝሩ ሲታተም እያንዳንዱ ረቂቅ ስም ከግሡ፣ ከመስተአምሩና ከመስተዋድዱ ጋር ይውጣ፤ ለዚህም የሳምንቱ ቃል ከ20 ወደ 6 ይውረድ። በመምሪያው ያለችው የ«ሜክ»ና «ዱ» ዐረፍተ ነገር ትውጣ። የሞዴል ፈተናው ቁልፍ ይታረም፣ በሦስቱ ጥያቄዎች ሁለተኛውን ትክክለኛ መልስ የመረጡ ተማሪዎችም ነጥባቸው ይመለስላቸው፤ ውጤቱ ከተከታታይ ምዘና ጋር ስለሚደመር ይህ ከሴሚስተሩ መዝጊያ በፊት መሆን አለበት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመታተሙ በፊት ቢያንስ ሁለት በክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ቁልፉን ሳያዩ ይሥሩት፤ መልሳቸው ከተለያየ ጥያቄው ይውደቅ።

ከአማርኛ ጋር የተነጻጸሩ 180 ስሞች የያዘ የ9ኛ ክፍል ረቂቅ በእጃችን አለ፤ ያለ ክፍያ እናስረክባለን። የምንጠይቀው የሁለተኛው ሴሚስተር ዕቅድ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራንና የዲፓርትመንት ተጠሪዎች

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራን
ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት